ለማርቆስ የገለበጥኩት ቤዝ ጊታር

እህቴ ዲንቄ ከጊምቢ ስትደውል ወሬ የምትጀምረው በወቀሳ ነው። ሱቄን ዘግቼ የሥራ ዕቃዬን ማከፋፈሌን የነገርኳት ዕለት ግን ሳቀች።

«እንጨት ቤት ውስጥ ደግሞ ጡረታ አለ እንዴ? ማን አሰናበተሽ?»

«እጄ አሰናበተኝ» አልኳት።

ለቀልድ አልነበረም። ቀኝ እጄ ቀጭን መጋዝ ሲይዝ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰንብቷል። የጊታር አንገት ላይ ቀጫጭን ብረቶች ይተከላሉ፤ ፍሬት እንላቸዋለን። የአንዱ ቦታ ፀጉር ታህል ከሳተ መሣሪያው ዕድሜ ልኩን ድምፅ ሲያጣምም ይኖራል። ሐዋሳ ውስጥ በየአዳራሹ በእኔ እጅ የተሠሩ ጊታሮችና ቤዞች አሉ፤ በስተርጅናዬ አንድ ጠማማ ልጨምርባቸው አልፈለግሁም። አምላኬን አመስግኜ በሩን ዘጋሁ።

ዲንቄ ሳቋን ጨርሳ፣ «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዘመን ከአገርሽ ርቀሽ ስትሠሪው የኖርሽው ምንድነው? እህቴ ጊታር ትሠራለች ብዬ ለጎረቤት ብናገር ማን ያምነኛል?» አለችኝ። መንገዱ ሲፈቅድ መጥቼ እነግርሻለሁ አልኳት። እስኪፈቅድ ድረስ ልጻፈው።

ሐዋሳ ያመጣኝ የባለቤቴ ሥራ ነበር። እሱ ገና በወጣትነቱ አረፈ፤ እኔ በሰው አገር ቀረሁ። የሰው እጅ ከማይ ብዬ መናኸሪያ አካባቢ ሐጂ ከማል የሚባሉ ነጋዴ ከከፈቱት እንጨት ቤት ገባሁ። ሥራዬ የወንበር እግርና የአልጋ ራስጌ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያም ቫርኒሽ መቀባት ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም። እሁድ እሁድ እንዳልገባ ስጠይቃቸው ሐጂ ፈገግ ብለው፣ «አንቺ እሁድ፣ እኔ ዓርብ፤ ቀን የማይመርጠው እንጨቱ ብቻ ነው» አሉኝ። ደግ ሰው ነበሩ። ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ብቻ የእንጨትን ሻካራነት መለየት የተማርኩት እሳቸው ቤት ነው።

ጋሽ ሐሜሶን ያገኘኋቸውም እዚያው ነው። የሲዳማ ሰው ነበሩ፤ ረዥም፣ ዝምተኛ፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ቤት የሙዚቃ መሣሪያ ይጠግኑ ነበር። ቁርጥራጭ ዋንዛ ሊገዙ ይመጡና እያንዳንዱን ቁራጭ በጣታቸው አንጓ ቆርቆር አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ሠራተኞቹ «ጋሽ ሐሜሶ፣ ውስጥ ማን አለ?» እያሉ ያሾፉባቸዋል። «ካንተ የተሻለ ሰው» ይላሉ ሳይስቁ። አንድ ቀን የወንበር መደገፊያ ሲዳብሱ ቆዩና፣

«ይሄን ማን ነው ያለሰለሰው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ይሄን ለሚቀመጥበት ሰው መስጠት ግፍ ነው። መዳፍ የሚያውቀው ሥራ አለኝ፤ ነይ።»

ሄድኩ። በዚያን ጊዜ አዲስ ጊታር ለብዙው ሰው የማይታሰብ ነበር፤ ስለዚህ ከየቦታው እየለቀምን እንገጥማለን። አንገቱ ከተሰበረው ጊታር ፒካፑን፣ ገላው ውሃ ከጠጣው ደግሞ አንገቱን እንወስዳለን። ፒካፕ የሚባለው የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔት ነው። ገላውን ከዋንዛ እኛው እንቀርጸዋለን፤ ዋንዛ አይከብድም፣ ድምፁም አይደርቅም። ጣት የሚሄድበትን ገጽ ከወይራ እናደርገዋለን፤ ወይራ መጋዝ ይጨርሳል እንጂ በክር አይበላም። ጋሽ ሐሜሶ ዋንዛውን ከጣሪያው ሥር ሰቅለው ክረምትና በጋ ያሳልፉበታል። «መጀመሪያ የሐይቁን እርጥበት ይጠጣ፣ ከዚያ ይርሳው» ይላሉ። ሳይረሳው የተቀረጸ እንጨት ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይጎብጣል።

የአንገቱን ጀርባ በመላጊያ አያለሰልሱም፤ በተሰበረ የመስኮት መስታወት ነው። ስባሪውን በሁለት አውራ ጣት ይዘው ወደ ራሳቸው ይስቡታል፤ የሚወጣው ብናኝ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ቁጭ አድርገው ያጫውቱታል። ሲጫወት ዓይናቸው ከእጁ ላይ አይነሣም፤ ድምፁን የሰሙትም አይመስሉ። ከሄደ በኋላ «ትንሿ ጣቱ ሰነፍ ናት፤ አንገቱን እናቅጥንለት» ይሉኛል። እኔም ሳላውቀው የሰው እጅ ማየት ለመድኩ። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሰላም ስባባል መጀመሪያ የማየው እጅ ነው።

አንድ ልማዳቸውን ግን አልወረስኩም። መሣሪያው ከማለቁ በፊት የሚጫወትበትን ቤት ሄደው ያያሉ። አብዛኛው ደንበኛቸው የሆቴል ባንድ ስለነበር ቤቱ ማለት መጠጥ ቤት ነው። እኔ ደግሞ የመጠጥ ቤት ደፍ ረግጬ አላውቅም።

«ነይ እንጂ» ይሉኛል።

«ጋሽ ሐሜሶ፣ ጊታሩ የሚሠራው እዚህ ነው፤ እዚያ ምን አለ?»

«ልጄ፣ መሣሪያ እንደ ሙሽራ ነው። የምትገባበትን ቤት ሳያዩ አይድሩም።»

«እርስዎ ይዩልኝ፤ እኔ እጸልያለሁ።»

«እሺ፣ አንቺ ጸልዪ፣ እኔ ልይ» ብለው፣ ከደረት ኪሳቸው የማትለየውን ትንሽ የኤሌክትሪክ መፈተሻ ካቻቢቴ ነካ አድርገው ይወጣሉ። ዘፈን ሊሰሙ የሚሄዱ ነበር የሚመስለኝ። ደንበኛው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ደግሞ የጌታ ቤት ምን ያሰጋል እያልኩ ሱቁን ስጠብቅ እቀራለሁ። መጠጥ ቤቱን ስለምጠየፈው፣ ጸሎት ቤቱን ስለማምነው፣ የሁለቱንም ወለል ሳላይ ቀረሁ።

ሲያረጁ እንጨት ነክሰው የሚይዙትን ሞርሳዎቻቸውን ለእኔ ትተው አለታ ወንዶ ገቡ። እኔም እዚያው ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ንግድ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ጸሐፊው ጊታር ሠሪ የሚል መደብ አጥቶ፣ «እትዬ፣ ይቀመጡበታል ወይስ ይተኙበታል?» ብሎ በቤትና በቢሮ ዕቃ መዘገበኝ። በዚያው ኖርኩ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ሥራዬ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እኔም ከዚህ የበለጠ በረከት አልለመንኩም።

ማርቆስ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የወላይታ ልጅ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ቤዝ የሚጫወት። የሚጫወትበት የሰው ነበር፤ የራሱን ፈለገ።

«እህት ጫልቱ፣ ሰው ዘማሪውን ነው የሚሰማው። ቤዝ የሚሰማው ሲጠፋ ብቻ ነው። ስጠፋ የሚታወቅብኝ ዓይነት ይሥሩልኝ» አለኝ።

በደስታ ሠራሁለት። ከጋሽ ሐሜሶ ጣሪያ የወረስኩትን ዋንዛ አወረድኩ። ፒካፑን አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ልኬ አስመጣሁ። ከክሮቹ ሥር ተነሥታ ወደ ድምፅ ማጉያው የምትሄድ ቀጭን ሽቦ አለች፤ ያለ እሷ ቤዝ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። እሷንም በሊድ በየድኳት። በሱቄ የእንጨት ወለል ላይ ጫማዬን አድርጌ ሞከርኩት። ድምፁ ንጹሕ ነበር።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ በጫማ አይወጣም። ቅዱስ ስፍራ ነውና ሰባኪውም ዘማሪውም ባዶ እግሩን ነው። ያን እሁድ እህቶች የመድረኩን ሲሚንቶ ማለዳ በውሃ ወልውለውት ገና አልደረቀም። ማጉያውም አንድ ወገን የለገሰው አሮጌ ነበር። ሽማግሌዎች በቤዙ ላይ እጅ ጭነው ጸለዩ። ማርቆስ አነገተው፤ ማጉያው ተከፈተ፤ ግራ እጁ ክሮቹን ጨበጠ።

አልጮኸም። ራሱን ወደ ኋላ ጣለ፣ አፉ ተከፈተ፣ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በእኛ ዘንድ ሰው በአምልኮ መካከል እንዲህ ሲሆን መንፈስ ነካው እንላለን። ጉባኤው ከመቀመጫው ተነሣ። «ሃሌ ሉያ!» ተባለ፤ እልልታው ቀለጠ፤ እጆች ተዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ። በእጄ የሠራሁት መሣሪያ በመጀመሪያው ቀን ይህን ጸጋ አመጣ ብዬ እንባዬ ወረደ።

በእልልታው ውስጥ የማጉያውን ድምፅ ለየሁት። ያጉረመርም ነበር፤ የማውቀው ማጉረምረም። ቀና ብዬ ፊቱን ሳይሆን እጁን አየሁ። ጣቶቹ የቤዙን አንገት እንደ ሞርሳ ነክሰውታል፤ የጣቶቹ ጫፍ ነጥቷል። ሰው እየገፋሁ ሮጥኩና የማጉያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ማርቆስ ወደቀ። እልልታው እሱ ከወደቀ በኋላም ወዲያው አላቆመም።

ነፍሱ ተረፈች። ግራ እጁ ግን ተቃጥሎ፣ ከሌባ ጣቱ ወዲያ ያሉት ሦስቱ ጣቶች ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀሩ። አንዱ ፈተና ነው አለ፣ አንዱ ማጉያውን ረገመ፣ አንዳንዱ እኔን ሲያይ መንገድ ቀየረ። ቤዙን ወስጄ ከፈትኩት። ሽቦዋ በበየድኳት ቦታ ነበረች፤ ምንም ስህተት አላገኘሁባትም። ስህተት ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

አለታ ወንዶ ሄድኩ። ጋሽ ሐሜሶ ታመው እንሰቱ ጥላ ሥር በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ስለ ማጉያው፣ ስለ ፒካፑ፣ ስለ ሽቦዋ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ስለ አንዱም አልጠየቁኝም።

«ምን ላይ ነበር የቆመው?» አሉኝ።

«ሲሚንቶ ላይ።»

«ደረቅ?»

«እርጥብ።»

«ጫማውስ?»

አንገቴን ደፍቼ የራሴን ጫማ አየሁ።

«መጠጥ ቤት ስሄድ ምን የማደርግ ይመስልሽ ነበር?»

«ዘፈን የሚሰሙ።»

«ወለሉንና ሶኬቱን ነበር የማየው። መሬት ያልተቀበረለት ሶኬት ካለ መሣሪያውን አልሰጥም ነበር። ከማጉያው ያፈተለከ ኤሌክትሪክ በዚያች ሽቦ ወደ ክሮቹ መጥቶ በሰውየው በኩል ወደ እርጥቡ ወለል ይወርዳል። እኔም ጥፋቴ ነው፤ ሥራ መሆኑን ልነግርሽ ይገባ ነበር። እምነትሽን እንዳልነካ ብዬ በቀልድ አለፍኩት።» ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው፣ «ልጁ አሁን ምን ይላል?» አሉ።

«ሄጄ አላየሁትም።»

«እኔ ጋ መጥተሽ እሱ ጋ ሳትሄጂ? ሂጂ እንጂ።»

ከዚያ ክረምት አላለፉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ማርቆስ ቤት ስገባ ተነሥቶ በቀኝ እጁ ሰላም አለኝ። ግራውን በሹራቡ እጅጌ ውስጥ ደብቆታል። ወሬውን የጀመረው እሱ ነው።

«ሁሉን እሰማ ነበር፣ እህት ጫልቱ። ልጮህ እፈልጋለሁ፣ ምላሴ አይታዘዘኝም። እኔ እየሞትኩ ነው፤ ሰዉ ሃሌ ሉያ ይላል። እርስዎም እጅዎን ዘርግተው ነበር፤ አየሁዎት።»

«ዘርግቼ ነበር» አልኩት።

«እሁድ እሄዳለሁ፤ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሃሌ ሉያ ሲባል ተነሥቼ እወጣለሁ። ጌታን አልተውኩም። ያን ድምፅ ነው ያቃተኝ።»

ይህን እያለ በቀኝ እጁ የሻይ ብርጭቆውን ያዞር ነበር። ረዣዥም ጣቶች፤ ትንሿም ጣቱ ሰነፍ አይደለችም። የግራው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ደግሞ፣ እጅጌው ውስጥ ሆነው እንኳ፣ ሲናገር ይንቀሳቀሳሉ።

«ቤዙን ልገልብጠው?» አልኩት። «ቀኝህ አንገቱን ይያዝ፣ የግራው አውራ ጣትህ ክሩን ይምታ።»

ሳቀ፤ መራራ ሳቅ ነው፣ ግን ሳቀ። «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ከሀ ሁ ልጀምር?»

«ሀ ሁ ማስተማር ሥራህ አይደል እንዴ?»

«እሺ፣ ጣቶቼ ይማሩ። እዚያ መድረክ ላይ መውጣቱን ግን ቃል አልገባም።»

መጀመሪያ ግን ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ የእርጥቡን ወለልና የባዶ እግሩን ነገር ነገርኳቸው። ሰብሳቢው ጋሽ ተስፋዬ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «በጫማ ይወጣ ነው የምትዪን? ሙሴ እንኳ ቁጥቋጦው ፊት ጫማህን አውልቅ ተብሏል» አሉ።

«ያ እሳት ቁጥቋጦውን አልፈጀውም፣ ጋሽ ተስፋዬ። የእኛው ይፈጃል።»

ከጎናቸው የተቀመጡት አጉረመረሙ። ጋሽ ተስፋዬ ግን በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ያን እሁድ ከሁሉም በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ካመሰገኑት አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ አላነሣሁባቸውም፣ እሳቸውም አልረሱትም።

«ጫማ ማውለቁን አንተውም» አሉ በመጨረሻ። «ሲሚንቶውን ግን እንተዋለን። እንጨት አንጥፊልን።»

ከሲሚንቶው ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ሠራሁ። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከአዳራሹ ጀርባ የመዳብ ዘንግ ቀብሮ ሶኬቶቹን ሁሉ በአዲስ ገመድ ከእሱ ጋር አገናኘ። አሮጌው ማጉያ ተጣለ።

ከዚያ ቤዙን ጀመርኩ። የመጀመሪያውን አንገት ልጠቀምበት ወይ ብዬ ማርቆስን ጠየቅሁት፤ «እሱ አይሁን» አለኝ፤ ሁለተኛ አላነሣሁትም። ከተሰባበረ አሮጌ ቤዝ ላይ ሌላ አገኘሁ። የክር መወጠሪያዎቹ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ስለሆኑ ሲገለበጥ አያስቸግርም። ፍሬቶቹን አልነካኋቸውም፤ ያኔ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ክሮቹ የሚያልፉበትን ድልድይ ከበሬ አጥንት በአዲስ ቀረጽኩ፤ ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ቦታ፣ ቀጭኑ በወፍራሙ ቦታ እንዲገባ። ገላውን ከቀላሉ ዋንዛ መርጬ፣ የታጠፉት ሦስት ጣቶች የሚያርፉበት ጉድጓድ ቆፈርኩለት። ማርቆስ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እየመጣ እጁን ያሳርፍበታል፤ እኔ በመስታወት ስባሪ እየፋቅሁ፣ «አሁንስ?» እለዋለሁ። «ትንሽ ይቆረቁራል።» እንደገና እፍቃለሁ። ፒካፑ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ክሮቹን ከማጉያው ጋር የሚያገናኝ ሽቦ አያስፈልገውም። ያቺን ሽቦ ሳልበይድ የሰጠሁት ብቸኛ ቤዝ እሱ ነው።

ጣቶቹ ቀስ እያሉ ተማሩ። ሱቄ ውስጥ መዝሙሩን እስከ መጨረሻው የሚጫወትበት ቀን መጣ። አዳራሹን ግን ሳነሣ ክሩን በመዳፉ ያፍንና ወሬ ይለውጣል። አንድ ቅዳሜ ግን ራሱ፣ «እንሂድ፣ ማንም በሌለበት» አለኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ማርቆስ የመድረኩ ደረጃ ሥር ቆመ። «እርስዎ ይያዙት መጀመሪያ» አለኝ።

እንደ ጋሽ ሐሜሶ ሶኬቱን በመፈተሻ ካቻቢቴ አየሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። በባልዲ ውሃ አምጥቼ እንጨቱ ላይ አፈሰስኩና በላዩ ቆምኩ። ማጉያውን ከፈትኩ፣ በአንድ እጄ አራቱንም ክሮች፣ በሌላው የማይክራፎኑን ብረት ያዝኩ፤ የሚይዝ ኤሌክትሪክ ካለ መጀመሪያ እኔን ይያዝ ብዬ። ሥራዬን አምናለሁ። ማርቆስ ፊቴን አላየም። እሱም እንደ እኔ እጅ ነበር የሚያየው። በመጨረሻ ጫማውን ፈትቶ ወደ መድረኩ ወጣ።

በማግስቱ እሁድ ጉባኤው ፊት ባዶ እግሩን መድረኩ ላይ ወጣ። መዝሙሩ የተጀመረው በእሱ አውራ ጣት ፍጥነት ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚራመድ በሽተኛ። መዘምራኑ ዘመሩ። ከእኛ መካከል ግን አፉን የከፈተ የለም። እልልታም፣ ሃሌ ሉያም፣ አሜንም አልተሰማም። ሁላችንም የማርቆስን እጅ ብቻ እናያለን፤ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ልንሮጥ።

ማርቆስ አቆመ። መዘምራኑም አቆሙ። ቀኝ እጁን ከክሮቹ ላይ ሳያነሣ ከንፈሩን ወደ ማይክራፎኑ አስጠጋ።

«ወገኖች፣ ደህና ነኝ» አለ። «እባካችሁ አመስግኑ። እኔ ነኝ የምለምናችሁ።»

ማንም አልቸኮለም። በመጨረሻ ጋሽ ተስፋዬ፣ ቃሉ እንደከበደው ሰው፣ በዝግታ «ሃሌ ሉያ» አሉ። ማርቆስ ዓይኑን ጨፈነ። ሁላችንም እንደ ወትሮው ጥሎን ከአዳራሹ ይወጣ ይሆን ብለን ጠበቅን። አልወጣም፤ አውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር መታ።